ሕግ ያቆመ ገበሬ፤ የጄሲ አፕልጌት ታሪክ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ሕግ ከወዴት ይመጣል ተብሎ ሕፃናት ሲጠየቁ ከመንግሥት ይመጣል ብለው ይመልሳሉ። መልሳቸውም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን መንግሥት ባልቆመበት፥ ዳኛ ባልተሾመበት፥ የተጻፈ ሕግም በሌለበት ምድር ላይ ከልዩ ልዩ ወገን የመጡ ሰዎች ቢሰፍሩ እንዴት አድርገው ይኖራሉ? ጕልበት ያለው ደካማውን ይነጥቀዋልን? ወይስ ተማክረውና ተማምለው ኹሉን የሚገዛ ሥርዓት ያቆማሉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን የአንድ ገበሬ ታሪክ አለ። የሰውየው ስም ጄሲ አፕልጌት ነው፤ ሥራውን የሠራበትም አገር በሰሜን አሜሪካ በስተ ምዕራብ፥ ፓሲፊክ በሚባለው ታላቅ ባሕር ዳር የሚገኘው ኦሬጎን ነው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ኹሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጄሲ አፕልጌት በ1811 ዓመት ኬንታኪ በሚባል አገር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ወደ ሚዙሪ ተሻግረው ሰፈሩ። በወጣትነቱ ትምህርት ስለ ወደደ ጥቂት ዘመን በትምህርት ቤት ተቀመጠ፤ ከዚያም በሴንት ሉዊስ ከተማ በመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ሆኖ ገባ። በዚያም ምድርን መለካትና ወሰን መትከል ተማረ። ይህ ዕውቀት በኋለኛው ዘመን ከበሬና ከማረሻ ያላነሰ ጥቅም ሰጠው። ቤተ ሰብ ከያዘ በኋላ ግን ኦሴጅ በሚባለው ወንዝ ሸለቆ መሬት ይዞ ዐሥር ዓመት ያህል በእርሻና በከብት እርባታ ኖረ።

በ1837 ዓመት በአሜሪካ አገር የገንዘብ ችግር ወደቀ፤ ባንኮች ተዘጉ፥ የእህልና የከብት ዋጋም እጅግ ረከሰ። አፕልጌት በእንፋሎት መርከብ ሙሉ የተጫነ በጨው የደረቀ ሥጋ በ100 ዶላር ብቻ እንደ ሸጠ ይነገራል። ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ የድካሙን ዋጋ ካላገኘ ልቡ ወደ ሌላ አገር መመልከቱ አይቀርም። ከዚህም በላይ ሚዙሪ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥበትና የሚለወጥበት አገር ነበረ፤ አፕልጌትም ባርነትን ይጠላ ነበር። ስለዚህ ከኹለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ከቻርልስና ከሊንድሲ ጋራ ተማክሮ፥ በ1843 ዓመት በግንቦት ወር ሚስቱንና ልጆቹን በሠረገላ አሳፍሮ፥ ከብቱን እየነዳ፥ ወደ ኦሬጎን ጕዞ ጀመረ። መንገዱ 2000 ማይል ያህል ይርቃል። በዚያ ዓመት አብረው የተነሡት ሰዎች አንድ ሺህ ያህል ነበሩ።

ሕግ በሌለበት ምድር የሚሄድ ይህ ሕዝብ ገና በመንገድ ሳለ የራሱን ሥርዓት አበጀ። ብዙ ከብት ያላቸው ሰዎች ጕዞውን አዘገዩ ተብለው ክርክር ስለ ተነሣ፥ መንገደኛው ለኹለት ተከፈለ፤ አፕልጌትም ከብት የበዛለት ጭፍራ አለቃ ሆነ። በዚህ ጭፍራ ስድሳ ሠረገላዎች ነበሩ፤ አራት አራት እየሆኑ በዐሥራ አምስት ክፍል ተመደቡ። ከፊት የሚሄድ አቧራ አይነካውም፥ ከኋላ የሚሄድ ግን የኹሉን አቧራ ይውጣል፤ ስለዚህ ዛሬ የመራው ክፍል ነገ ከኹሉ በኋላ እንዲሆን ተደነገገ። ሰነፍ ሆኖ በጊዜው በሬውን ያልጠመደ ሰውም ተራውን አጥቶ ወደ ኋላ ይሰለፍ ነበር። ማታ ማታ ሠረገላዎቹ በክብ ቆመው በሰንሰለት ይያያዛሉ፤ ዘበኛም ይቆማል። በዕድሜ የገፉት ሽማግሎችም በአንድነት ተቀምጠው ሥርዓት ያወጣሉ፥ የተጣላውንም ይዳኛሉ። አፕልጌት በኋላ ዘመን የዚህን ጕዞ አንድ ቀን ውሎ በጽሑፍ ሲተርክ፥ ያ ሸንጎ ሕግ የማውጣትም የመፍረድም ሥልጣን እንደ ነበረው ገልጿል። በዛፍ ጥላ ተቀምጠው ለሚዳኙ የአገር ሽማግሎች ይህ ነገር እንግዳ አይደለም።

የጕዞው መጨረሻ ግን በአፕልጌት ላይ መራራ ኀዘን አመጣበት። ኮሎምቢያ ወደሚባለው ታላቅ ወንዝ በደረሱ ጊዜ ወደ ፊት ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ፥ ከብቱንና ሠረገላውን ትተው ጀልባ ሠርተው በውሃው ላይ ወረዱ። በኅዳር ወር ኃይለኛ ውሃ ከሚወርድበት ስፍራ ሲደርሱ አንደኛዋ ጀልባ ተገለበጠች። የጄሲ ልጅ ኤድዋርድ፥ የወንድሙ የሊንድሲ ልጅ ዋረን፥ አብሯቸው የነበረ አንድ አረጋዊም ሰጠሙ። በሌላ ጀልባ የነበሩት ወላጆች ይህን በዓይናቸው አዩ፤ ሊረዷቸውም አልቻሉም። የዚያን ጊዜ ኹለቱ ወንድማማቾች ለኋላ መጪ ሰው ወንዙን የማያስነካ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን ብለው በልባቸው ቈረጡ።

እነርሱ የደረሱባት ኦሬጎን የማን ነበረች? በመጀመሪያ የአገሩ ተወላጆች የካላፑያና የሌሎችም ሕዝቦች ነበረች። እነዚህ ሕዝቦች ከ1830 ዓመት ጀምሮ በገባ የወባ በሽታ አብዛኛዎቹ አልቀው ነበር፤ ሰፋሪዎቹም ምድሪቱ ባዶ መስላ የታየቻቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1818 ዓመት እንግሊዝና አሜሪካ የኹለቱም መንግሥታት ሰዎች በዚያ አገር እንዲነግዱና እንዲሰፍሩ ተስማምተው ነበር። ስለዚህ አንዱ መንግሥት ብቻ ሕጉን ሊያቆም፥ ዳኛውንም ሊሾም አልቻለም።

በየካቲት 1841 ዓመት ብዙ ከብት የነበረው አንድ ሰው ያለ ኑዛዜ ሞተ፤ በአገሩም ውስጥ ወራሹ የታወቀ አልነበረም። ሰፋሪዎቹ ከቀብሩ በኋላ ከብቱን ማን ይረከብ? ዕዳውን ማን ይክፈል? ብለው ተጨነቁ፤ ንብረቱን የሚያጣራ ዳኛም ከመካከላቸው መረጡ። በ1843 ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ከብታቸውን የሚፈጀውን ተኵላ ለማጥፋት ተሰበሰቡ፤ ገንዘብ አዋጥተውም ትልቁን ተኵላ ለገደለ 3 ዶላር እንዲሰጠው ወሰኑ። ከብቱን ከአውሬ ለመጠበቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ሰውን ከሰው ስለ መጠበቅ መነጋገር ጀመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሻምፑዊግ በምትባል ስፍራ ተሰብስበው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ጊዜያዊ መንግሥት እንዲቆም ፈቀዱ።

ነገር ግን ያ የመጀመሪያው ሕግ ደካማ ነበረ። ግብር አልተቈረጠለትም፤ ወጪው የሚሸፈነው ደስ ያለው ሰው በሚያዋጣው ገንዘብ ነበር። ከወንዙ በስተ ሰሜን ያሉት እንግሊዞችም አልገቡበትም። በዚያ ወገን ታላቅ ኃይል የነበረው የሀድሰን ቤይ ኩባንያ የሚባለው የቆዳ ነጋዴ ማኅበር ነበር፤ ሹሙም ዶክተር ጆን መክላፍሊን ይባላል። ይህ ሹም ተርበውና ታርዘው ለመጡ አሜሪካውያን እህልና ዘር በዱቤ የሰጠ ደግ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ዜጎች ለአሜሪካውያን ማኅበር ታዛዥ እንሆናለን ብለው እንዴት ይማሉ?

አፕልጌት በ1845 ዓመት በያምሂል ወረዳ ሰዎች ተመርጦ ወደ ሕግ አውጪው ጉባኤ ገባ። በዚያን ጊዜ ፖልክ በሚባለው ቀበሌ መሬት ይዞ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ጉባኤው መሠረታዊውን ሕግ እንደገና ለማረም ሲነሣ ከሥራው ብዙው በአፕልጌት ላይ ወደቀ። እርሱም ዋናው ችግር በመሐላው ውስጥ እንዳለ ተመለከተ። ስለዚህ ሹም የሚሆን ኹሉ የኦሬጎንን ሕግ እጠብቃለሁ ብሎ ሲምል፥ ይህ ሕግ ለአሜሪካ ዜግነቴ ወይም ለእንግሊዝ ተገዥነቴ ካለብኝ ግዴታ ጋራ እስከ ተስማማ ድረስ የሚል ቃል እንዲጨመርበት ተደረገ።

ይህ ትንሽ ቃል የሠራውን ሥራ ልብ ማለት ይገባል። እንግሊዛዊው ለንግሥቱ ያለውን ታማኝነት ሳይክድ፥ አሜሪካዊውም አገሩን ሳይክድ፥ ኹለቱ በአንድ ዳኛ ፊት ለመቆም ቻሉ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሕዝቡ የታረመውን ሕግ በድምፁ አጸደቀው። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ኩባንያው ወደ ሥርዓቱ ገባ፤ ለሰፋሪዎች በሚሸጠው ዕቃ ላይም ግብር ለመክፈል ተስማማ። በሰኔ 1846 ዓመት ኹለቱ መንግሥታት ወሰናቸውን በውል እስኪቈርጡ ድረስ በኦሬጎን ያሉት የኹለቱ ወገን ሰዎች በዚህ ሕግ በሰላም ቈዩ። መሐላ ሰውን ከእምነቱ የሚያጣላው ከሆነ ወይ አይምልም፥ ወይ ምሎ ይከዳል፤ አፕልጌት ሰው ምሎ ሊጠብቀው የሚችለውን ቃል ፈለገ።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። ኹለት የታወቁ ሰዎች ተጣልተው በጦር መሣሪያ ሊጋደሉ ቀጠሮ ያዙ። አፕልጌት ይህን በሰማ ጊዜ ወደ ጉባኤው ፈጥኖ ገብቶ፥ የተለመደው የንባብ ሥርዓት ለጊዜው ይቅርና ሰው ተቃጥሮ መጋደል የሚከለከልበት ሕግ አሁኑኑ ይውጣ ብሎ ለመነ። ጉባኤው ሰማው፤ ሕጉም ወዲያው ተነቦ ጸደቀ፥ አገረ ገዥውም ፈረመበት፤ ግድያውም ቀረ። ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት፥ አፕልጌት ገና በጉባኤው ሳይኖር፥ ጥቍር ሰዎች በኦሬጎን እንዳይኖሩ፥ ያልወጣውም እንዲገረፍ የሚያዝ ክፉ ሕግ ወጥቶ ነበር። ያም ሕግ በዚሁ በ1845 ዓመት ተሻረ።

አኹን ደግሞ ነቀፋ ያመጣበትን ሥራ መናገር ያስፈልጋል፤ የአንድን ሰው መልካሙን ብቻ የሚናገር ታሪክ ለተማሪ አይጠቅምምና። በሰኔ 1846 ዓመት ጄሲና ሊንድሲ ከሌሎች ሰዎች ጋራ ዐሥራ አምስት ሆነው በደቡብ በኩል መንገድ ለመፈለግ ወጡ። ልጆቻቸውን የበላውን ወንዝ የማይነካ መንገድም አገኙ። ከዚያ ጄሲ ወደ ምሥራቅ ሄዶ ፎርት ሆል ከሚባለው ምሽግ ደረሰ፤ መንገደኞችን አግኝቶም በአዲሱ መንገድ እንዲመጡ መከራቸው። እርሱ መንገዱን ለማጽዳት ቀድሞ ተመለሰ፤ ሠረገለኞቹ ግን በበረሃው ዘገዩ። በመጨረሻም አምፕኳ በሚባለው ጠባብ ገደል ሳሉ የመጸው ዝናም ያዛቸው። በሬዎች በጭቃ ውስጥ ወድቀው ቀሩ፤ ሠረገላዎች ተሰበሩ፤ ሰዎችም በርሃብና በብርድ ሞቱ። በሸለቆው የነበሩት ሰፋሪዎች እህልና ፈረስ ልከው የቀሩትን አወጧቸው። ከዳኑት አንዳንዶቹ አፕልጌትን እስከ ዕለተ ሞታቸው ረገሙት።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከልጅ ኀዘን የተወለደ ነውና። ነገር ግን መንገዱ ገና ሳይጠረግ ሕዝብ ጠራበት፤ የወቅቱንም መድረስ በሚገባ አልመዘነም። መልካም ሐሳብ ያለው ሰውም ጊዜውን ካልለካ ሌላውን ሊጐዳ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል። በኋላ ዓመታት መንገዱ እየተሻሻለ ብዙ ሰው ተጠቀመበት፤ ዛሬም በደቡብ ኦሬጎን የሚያልፈው ታላቅ አውራ ጐዳና በብዙ ስፍራ ያንኑ መስመር ይከተላል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፕልጌት ወደ ደቡብ ወርዶ ዮንካላ በሚባል ሸለቆ አዲስ እርሻ አቀና። በ1850 ዓመት አሜሪካ ባወጣችው ሕግ ቀድሞ ለሰፈረ ባለ ትዳር 640 አክር፥ በኢትዮጵያ ልክ ስድስት ጋሻ ተኩል ያህል፥ መሬት ይሰጥ ነበር። ይህ ሕግ ሲወጣ ግን ምድሪቱ ከተወላጆቿ በውል አልተገዛችም ነበር። በ1856 ዓመትም የአገሩ ተወላጆች ተሰብስበው በመንግሥት ወደ ተከለለ ስፍራ እንዲሄዱ ታዘዘ። በዮንካላ የነበረው አለቃ ሃሎ ከአባቶቹ ምድር አልወጣም አለ፤ የአፕልጌት ቤተ ሰብም ደግፎት በዚያው ቀረ። አንድ ሰው በጎረቤት ወዳጅነት ተጠበቀ፤ ሕዝቡ ግን በሕግ አልተጠበቀም። አፕልጌትና ባልንጀሮቹ ያቆሙት ሥርዓት የእንግሊዝንና የአሜሪካን ሰው አስታረቀ እንጂ የምድሪቱን ባለቤት በሸንጎው አላስቀመጠም። መምህር ይህን ታሪክ ሲያስተምር ይህን ጕድለት ሊሰውረው አይገባም።

በነሐሴ 1857 ዓመት የኦሬጎን ሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ስድሳ እንደራሴዎች በሴለም ከተማ ተሰበሰቡ፤ አፕልጌትም አንዱ ነበር። የባርነት ክርክር ጉባኤውን እንዳይከፍለው ሰግቶ ይህ ነገር በጉባኤው እንዳይነሣ አሳብ አቀረበ፤ ጉባኤው ግን አልተቀበለውም። ከዚህ በኋላ በሥራው ስላልተስማማ ጉባኤው ሳይፈጸም ወደ እርሻው ተመለሰ። በኅዳር ወር ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ባርነት ይግባ ያሉት 2645፥ አይግባ ያሉት 7727 ሆኑ። ነገር ግን በዚያው ቀን ነጻ የሆኑ ጥቍር ሰዎች ወደ ኦሬጎን እንዳይገቡ 8640 ሰዎች ፈቀዱ፤ የተቃወሙት 1081 ብቻ ነበሩ። በ1845 ዓመት የተሻረው ክፋት መልኩን ለውጦ ተመለሰ፤ ቃሉም ከሕገ መንግሥቱ የተፋቀው በ1926 ዓመት ነው። ሕግ አንድ ጊዜ ስለ ታረመ ታርሞ ይኖራል ብሎ መተኛት እንደማይገባ ይህ ያስረዳል።

የአፕልጌት የመጨረሻው ፈተና ከራሱ ፊርማ መጣ። አንድ ወዳጁ በኦሬጎን ከፍተኛ ሹመት ባገኘ ጊዜ፥ የመንግሥት ገንዘብ ቢጐድል እከፍላለሁ ብሎ አፕልጌት ከሌሎች ሰዎች ጋራ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። ሹሙ በ1870 ዓመት ከሥራው በወጣ ጊዜ ገንዘብ ጐድሎ ተገኘ፤ መንግሥትም ዋሶቹን ከሰሰ። ገንዘቡን አፕልጌት አልነካውም፤ ስሙ ግን በወረቀቱ ላይ ነበር። ክርክሩ ብዙ ዓመት ፈጅቶ ያን ያቀናውን እርሻ አሳጣው። ሥርዓቱን ለማቆም የደከመለት ያው መንግሥት በሕጉ መሠረት ርስቱን ወሰደበት። ሕግ አውጪም ቢሆን፥ ቀዳሚ ሰፋሪም ቢሆን፥ ሽማግሌም ቢሆን ሕጉ አላለፈውም። በስተርጅናው ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ በሰው ከብት ቤት ተቀጥሮ ሠራ፤ ከዚያም ወደ ዮንካላ ተመልሶ በትንሽ ጐጆ ኖረ። ሚስቱ ሲንቲያ በ1881 ዓመት ሞተች። እርሱም በሚያዝያ 22 ቀን 1888 ዓመት ዐረፈ። የአገሩ ሰዎች የዮንካላ ጠቢብ ብለው ይጠሩት ነበር።

የሐበሻ ሽማግሌ ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብሎ ይተርታል። ይህ ተረት ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለማስረዳት የተነገረ ነው። አፕልጌት ልጁን በወንዝ አጣ፤ ርስቱን በፊርማው አጣ። ወንዙ የወሰደበት ያለ ፈቃዱ ነው፤ ፊርማውን ግን ራሱ ሰጠ። ስለዚህ ሽማግሎች በዋስትና ወረቀት ላይ ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት የሚዋሱለትን ሰው ሥራ እንዲመረምሩ፥ ገንዘቡም በየጊዜው እንዲቈጠር እንዲጠይቁ ይህ ታሪክ ይመክራል።

መምህራንም በትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለኹለት ወገን ከፍለው፥ በአንድ ምንጭ ውሃ ለሚጠቀሙ ኹለት መንደሮች ኹለቱም ሳይዋሹ ሊምሉበት የሚችሉትን አንድ ቃል እንዲያበጁ ቢያደርጓቸው መልካም ነው። ልጆቹ ቃሉን ለማግኘት ይቸገራሉ፥ ይከራከራሉ፥ ይጽፋሉ፥ ይፍቃሉ። በመጨረሻም ከኹለቱ መንደሮች ሌላ ከዚያ ምንጭ የሚጠጣ፥ ነገር ግን ያልጠራነው ሰው ማን ነው? ተብለው ይጠየቁ። ገበሬው አፕልጌት የፊተኛውን ጥያቄ በሚገባ መለሰ፤ የኋለኛውን ግን የእርሱ ዘመን ሰዎች ሳይመልሱት አለፉ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የለመደ ልጅ አድጎ በሸንጎ በተቀመጠ ጊዜ ፍርዱ የቀና ይሆናል።